ያለ አስከሬን የተነፋ ጡሩንባ

የእድራችንን ደንብ አንቀጽ አሥራ አራት የጻፍኩት እኔ ነኝ። በራሴ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንድም ስርዝ ድልዝ ሳይኖርበት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ሌላ ሰው እንዳይነግራችሁ ብዬ ነው። አንቀጹ እንዲህ ይላል፦ «አስከሬን ሳይታይ ወይም ከሚመለከተው ክፍል የተጻፈ ማስረጃ ሳይቀርብ ጡሩንባ አይነፋም፤ ድንኳንም አይተከልም።» ስጽፈው ኮርቼበት ነበር። «ድንኳንም» የምትለዋን ቃል ማንም ሳያዘኝ ራሴ ነኝ የጨመርኳት።

ሲቀላ በሚባለው በከተማችን ታችኛው ክፍል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የእድሩ ጸሐፊ ያደረጉኝ ለእጅ ጽሑፌ ነው እንጂ ለጠባዬ አይደለም፤ ጠባዬንማ ሰፈሩ ያውቀዋል። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ የጻፉትን ከራሳቸው በቀር የሚያነበው ሰው አልነበረም፤ መጨረሻ ላይ እሳቸውንም ማንበብ ተሳናቸውና መዝገቡ ወደ እኔ መጣ።

እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፊው ንጋት ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ መንገድ ለመንገድ እየዞረ ይነፋል። ነፍቶ ሲያበቃ ይጣራል፦ የሟቹን ስም፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከዚያም ቀብሩ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን በስንት ሰዓት እንደሚፈጸም። ሰው አልጋው ላይ እንደተጋደመ ነው የሚሰማው። ያ ጥሪ ካልተሰማ ማንም ነጠላውን አዘቅዝቆ አይመጣም፣ አግዳሚ ወንበር አይወጣም፣ ንፍሮ አይጣድም። ጡሩንባ ያልተነፋለት ሰው ርቋል፣ ጠፍቷል ይባላል እንጂ ሞቷል አይባልም።

አንቀጽ አሥራ አራት የመጣው በአንድ ዓሣ አጥማጅ ጦስ ነው። ከእኛ ቤት በታች የሚኖር፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ መረብ የሚጥል ሰው ነው። አንድ ቀን ጀልባው ተገልብጣ፣ ባዶዋን ሸምበቆ ውስጥ ተገኘች። ጫሞ አዞ እንዳለው ልጅ አዋቂው ያውቃልና ማንም ብዙ አልጠየቀም። ጡሩንባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሚስቱ ፀጉሯን ተላጨች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሟቹ ከምዕራብ ዓባያ በመጣ አይሱዙ ተጭኖ፣ አንድ ግንድ ሙዝ ትከሻው ላይ አድርጎ ከተፍ አለ። ለካስ ከጀልባ ጓደኛው ጋር ተጣልቶ፣ ጀልባዋን በወጉ ሳያስር እህቱ ዘንድ ሄዶ ኖሯል። ስልኩ ውሃ ከገባበት ወር አልፎታል። ጀልባዋን ነፋስ ወሰዳት፣ እሱን ደግሞ እኛ ወሰድነው።

መጀመሪያ ያየው ወንድሜ ነበር። ወንድሜ ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ያንሳል፤ በዚያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ ፈላጊ ነበር። በሰፈሩ ውስጥ እሱ ያልተከለው ድንኳን አልነበረም። ለሠርግ ሲጠሩት አንዳንዴ ይዘገያል፤ ለለቅሶ ግን ጡሩንባው ሳያልቅ መዶሻውን ይዞ ይወጣ ነበር። ያን ቀን ንፋስ ያላላውን ገመድ እያጠበቀ ሳለ ሟቹ ከፊቱ መጥቶ ቆመና «ማን ሞቶ ነው?» አለው።

«አንተ» አለው ወንድሜ፤ ገመዱንም ለቀቀው። የድንኳኑ አንድ ጎን ለቀስተኛው ላይ ወረደ። ሴቶች ጮኹ፣ አንድ ሽማግሌ በድንኳኑ ሥር ሆነው ጸሎት ጀመሩ፣ ዓሣ አጥማጁ ደግሞ ሙዙን እንደተሸከመ የራሱን ለቅሶ አብሮ አለቀሰ። ማታ የራሱን ንፍሮ ሲበላ አይቼዋለሁ።

ከተማው ለሳቅ ጥሩ ነገር አገኘ። ሲቀላና ሴቻ የሚመላለሱት ሚኒባሶች ውስጥ ሳይቀር ወሬው ደረሰ፤ ረዳቱ የሰፈራችንን ስም ሲጠራ «ሙታን የምታስነሡ፣ ውረዱ» ይል ጀመር። የእድራችን ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ወረቀት ይወዳሉ፣ ሳቅ አይወዱም። ስብሰባ ጠሩ፣ ደንብ ይውጣ አሉ፣ እኔ ጻፍኩ። የቀድሞው ጡሩንባ ነፊ ከሃፍረቱ ጡሩንባውን አስረከበ። ሥራውን ማን ይውሰድ ሲባል ዓሣ አጥማጁ እጁን አወጣ። በእኔ ላይ በቁሜ እንደተለፈፈው በሌላ ሰው ላይም ያለ ጥንቃቄ እንዳይለፈፍ እኔው ልያዘው አለ። ተሳቀ፤ ተሰጠውም። ከዚያ ወዲህ የሰፈራችንን ሙታን የሚጠራው አንድ ጊዜ ሞቶ የነበረ ሰው ነው።

ወንድሜ ወታደር ቤት ሲገባ ማንም አላስገደደውም፤ እኔም አልመረቅኩትም። ሁለት ቀን ተኳርፈን ሦስተኛው ቀን መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ከዚያ በሰሜን ጦርነቱ ተነሣ። ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር ይደውል ነበር፤ ስለ ጦርነቱ አንዲት ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል የድንኳኑ የግራ ጎን ስፌት መልቀቁ ትዝ ብሎት፣ ክረምት ሳይገባ አሰፉት አለኝ። ጥይት በሚጮህበት አገር ተቀምጦ የእድር ድንኳን የሚያሳስበው ሰው ከእሱ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ስትመጣ ራስህ ትሰፋዋለህ ብዬ ሳቅኩበት። ስልኩም ተቋረጠ።

ጦርነቱ አበቃ ተባለ። የሌሎች ልጆች መጡ፤ የእኛ አልመጣም። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ አንድ ወጣት በክራንች ተደግፎ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። እሱና ወንድሜ ጦር ሜዳ አንድ ጉድጓድ ውስጥ አብረው ነበሩ። ሁሉንም ነገረኝ፤ እንዴት እንደተመታ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ምን እንዳለ። ያለውን እዚህ አልጽፈውም፤ ለእናቴ የተባለ ነው። ዓይኑን የከደነለት ይኸው ልጅ ነው። አፈር አልብሰው ድንጋይ ከመሩበት፤ ቦታውን መልሰህ አሳየኝ ብትዪኝ ግን አላገኘውም አለኝ፣ ተራራው ሁሉ አንድ ነው። ከኪሱ የወንድሜን ማተብ አውጥቶ በእጄ አስቀመጠ። እናቴ ራሷ የፈተለችው ጥቁር ክር ነው፤ ቋጠሮውን አውቀዋለሁ።

መርዶ ብቻውን አይነገርም። ከደጋ የእናቴን ታላቅ ወንድም አስጠራሁ፣ ሁለት ጎረቤት ጨመርኩ፣ ማለዳ ላይ ገባን። እናቴ ከሽፈራው ዛፉ ሥር ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ለወንድሜ ጋቢ የሚሆን ድር ነው፤ ሲመጣ ለሸማኔ ልትሰጠው። አጎቴ ነገሯት። እንዝርቷን አላቆመችም። ቤታችን ውስጥ የምናወራው በጋሞኛ ነው፤ እናቴ በአማርኛ ከተናገረችኝ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። ያን ቀን በአማርኛ ተናገረች።

«ጡሩንባ አልሰማሁም» አለች። «ሲነፋ አለቅሳለሁ።»

እኔም ወደ ሰብሳቢው ሄድኩ። ማተቡን አሳየኋቸው፣ ምስክሩን በክራንቹ ይዤው ገባሁ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ተነሥተው ልጁን ራሳቸው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ከዚያ መዝገቡን ከመሳቢያ አወጡና አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ገልጠው ወደ እኔ አዞሩት። የገዛ እጄ ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ አፈጠጠብኝ።

ወረቀት ፍለጋ መሥሪያ ቤቶቹ ወዳሉበት ወደ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቢሮ ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ አንደኛው ላከኝ። በትሕትና ነው የሚመልሱኝ፤ ዝርዝሩ አልደረሰንም፣ ሲደርስ እንጠራዎታለን ይላሉ። በሰባት ወር ውስጥ ያን ዳገት ስንት ጊዜ እንደወጣሁ የሚኒባስ ረዳቶቹ ይመስክሩ፤ ቦታ ይይዙልኝ ጀምረው ነበር።

እናቴ በነዚያ ሰባት ወራት ጥቁር አልለበሰችም። በሰፈሩ ሹክሹክታው ዞሯል፤ ሰው ግን ጡሩንባ ካልሰማ በፊት ለፊት አያነሣም። ከቤታችን ጥግ የጅምላ ሱቅ ያለው አንድ ሙስሊም ነጋዴ አለ። ወንድሜ የስኳር ጆንያ እያራገፈለት ነው ያደገው ማለት ይቻላል፤ ሰውየው እንደ ልጁ ነው የሚወደው። እናቴ በየማለዳው በሱቁ ስታልፍ «እማማ፣ ልጅዎ ደህና ነው?» ይላታል። ሹክሹክታው እሱ ዘንድ አልደረሰም፤ ወይም ደርሶት ማመን አልፈለገም። እናቴ ቆም ትልና «ደህና ነው፣ ይመስገን» ትላለች። ወደ ቤት ስትመለስ ያንን «ደህና ነው» በፊቷ ላይ አየዋለሁ። በየቀኑ አንድ ጊዜ እንደ ኮሶ ትውጠዋለች። ሌላ መንገድ አለ፣ በሱቁ በኩል አትለፊ ብላት፣ ልጅሽ ደህና ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነው አለችኝ።

አንድ ማታ እራት ላይ፣ ደንቡን ማን እንዳወጣው ጠየቀችኝ። እድሩ ነው አልኳት። ማን ነው የጻፈው አለች። ወጡን ወደ እሷ አስጠጋሁላት። እናቴ ስትናደድ አማርኛዋ ሴቱን ወንድ ያደርጋል፤ ማንን እንደምትቆጣ ግን ተሳስተን አናውቅም።

«አንተ ነህ የጻፍከው?» አለችኝ። ምግቤን ትቼ ወጣሁ።

በትምህርት ቤታችን በበዓል ቀን ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተሰልፈን ለተሠዉት የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናደርጋለን። ሰዓቷን የምይዘው እኔ ነኝ። ዱሮ ልጆቹ እንዳይስቁ ነበር የምጠብቀው። በዚያ ዓመት ግን ሰዓቴን እያየሁ ሌላ ነገር አሰብኩ፦ አንድ ደቂቃ፣ ለሁሉም። ስንት ሺህ እንደሆኑ የማይታወቁ ሰዎች ተሰልፈው አንዷን ደቂቃ ይቃመሱ ተብሏል፤ ለወንድሜ ሰከንድ እንኳ አይደርሰውም። ደግሞስ ለምን ዝም ይባላል? ወንድሜን እኮ ጥይት የገደለብን አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚገድለው ዝምታ ነው። ቢሮው ዝም፣ ሰፈሩ ዝም፣ እናቴ ዝም። ሐውልት ይቁምለት አላልኩም፤ መንገድ በስሙ ይሰየም አላልኩም። ጀግና የሚለውንም ቃል ለፈለገው ይስጡት። እኔ የምፈልገው ለጎረቤት ሁሉ የሚነፋውን ያንን የዛገ ጡሩንባ ነበር። በዚያው ቀን ለሰብሳቢው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ጠቅላላ ስብሰባ ይጠራልኝ አልኩ።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ ግቢ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተደረገ። ጸሐፊ ነኝና ደንቡን የማነበው እኔው ነበርኩ። ቆሜ አነበብኩት፤ «ድንኳንም» የምትለዋንም ሳልዘል። ከዚያ ደንቡ ይለወጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ብዙ ሰው ተናገረ። አንደኛው ሰላም ወርዷል፣ ቁስል አንነካካ አለ። መለስኩለት፦ ሰላም ከሆነማ አሁን ነው የሚለቀሰው፤ በጦርነት ጊዜ ማን አልቅሱ ይላል? ሌላው የእድሩ የለቅሶ ገንዘብ ለእናቴ በዝምታ ይሰጣትና ነገሩ ይብቃ አለ። ተነሣሁ።

«ገንዘባችሁን ያዙት» አልኩ። «ወንድሜ ድንኳን ሲተክልላችሁ ተከፍሎት ያውቃል? የምጠይቃችሁ ጡሩንባውን ነው።»

ሰብሳቢው የተናገሩት ነገር ግን ከበደኝ። በዚህ ሰፈር ልጇ ሁለት ዓመት ያልደወለላት ሌላ እናት አለች አሉ፤ ስም አልጠሩም፣ ሁላችንም ወዴት እንደማናይ ግን አወቅን፣ ከኋላ ከግንቡ ሥር ተቀምጣ ነበር። እሷ ዛሬም ተስፋ ታደርጋለች። ያለ ወረቀት ለአንዱ ከነፋን የእሷን ተስፋ በጡሩንባ ገደልነው አሉ። እውነት አላቸው። ሌሊት ሌሊት እኔም ያሰብኩት ነገር ነው። ግን ተናገርኩ፤ ያየ ሰው አለኝ፣ በኪሴ ማተቡ አለ፣ እኔ የማላውቀውን አልጠየቅኩም አልኩ። የሰው ተስፋ የሚጠበቀው በእናቴ ውሸት ከሆነ እናቴ ደክሟታል አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። ሰብሳቢውም ከፍ አደረጉ። ደንብ ደንብ ነው ብለው መዝገቡን በጥፊ መቱት።

በዚህ ጊዜ አጎቴ ተነሡ። ከደጋ ሌሊት ተነሥተው ነው የወረዱት፤ በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። በእኛ በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እምቢ የሚባል ነገር የለም፤ የተነሣ ዱላ እንኳ ይወርዳል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሰብሳቢውም ገና ሲያዩዋቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። አሸንፈን ነበር፤ ጉልበታቸው መሬት ቢነካ አልቆልን ነበር። እኔ ግን ሄጄ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«አይንበርከኩ አጎቴ» አልኩ። «ሣር ተይዞ የሚለመነው ለበደለ ሰው ነው። ወንድሜ ማንን በደለ? ለእሱ አይለመንለትም።»

ሽማግሌ በአደባባይ መከልከል ነውር ነው። ዛሬም ሳስበው ጆሮዬን ያቃጥለኛል፤ ግን ደግሜ አደርገዋለሁ። አጎቴ ትንሽ አዩኝና ሣሩን እንደያዙ ተመልሰው ተቀመጡ። ሰው አጉረመረመ። ነገሩን በገዛ እጄ ያበላሸሁት መሰለ፤ ሰብሳቢው ስብሰባውን ሊዘጉ መነጽራቸውን አወለቁ።

ዓሣ አጥማጁ የተነሣው ያኔ ነው። ጡሩንባውን ስብሰባ ላይም ይዞት ይመጣል፤ በብብቱ ሸጉጦ ነበር።

«ይኼ ደንብ የወጣው በእኔ ነው» አለ። «በቁሜ ስታለቅሱልኝ ምን ሆንኩ? ምንም። ንፍሮ በላሁ። ያንን ድንኳን የተከለው ያ ልጅ ነው። እኔ ሳልሞት ድንኳን አገኘሁ፣ እሱ ሞቶ ያጣል?» ጡሩንባውን ከብብቱ አወጣ። «ተሳስተን ከሆነ ይምጣና ይሳቅብን። ሚኒባሱ ሁሉ ይሳቅብን። ምነው መጥቶ በሳቀብን።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፤ ስህተት ቢሆን ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል አሉ። እኔ አልኩ። ይጻፍ አሉ፤ እኔው እጽፈዋለሁ አልኩ። እጅ ይውጣ ሲባል መጀመሪያ ከፍ ያለው እጅ ከኋላ፣ ከግንቡ ሥር ነበር። ልጇ ሁለት ዓመት ያልደወለላት ሴት ናት። እጇን ሌላው ሁሉ እስኪያወጣ አላወረደችውም። እኔ ለመቁጠር ቆሜ ዓይኔ አላይ አለኝና ሌላ ሰው ቆጠረልኝ።

ከአንቀጽ አሥራ አራት ሥር እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ «በጦር ሜዳ ለወደቀ የእድሩ ልጅ፣ አብሮት የነበረ አንድ ሰው ከመሰከረ፣ ጡሩንባ ይነፋል፤ ድንኳንም ይተከላል።» በመዝገቡ ውስጥ ከጻፍኩት ሁሉ አስቀያሚው ጽሑፍ ይህ ነው። አጎቴ ሣሩ እንዳይባክን ብለው እኔንና ሰብሳቢውን አቁመው አስታረቁን። ሰብሳቢው ሲስሙኝ ለወንድሜ የሚሆን ወረቀት ሲመጣ ፋይል ውስጥ አስገቢው አሉ፤ እሳቸው እሳቸው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑን ከመጋዘን አስወጣሁ። የግራ ጎኑ ስፌት እንደለቀቀ ነበር። እቤት ወስጄ በግቢው ዘረጋሁት። እናቴ የጋቢውን ድር አመጣች፣ በአራት ገመደችው፣ መርፌ ላይ አስገብታ ሰጠችኝ። የእጅ ጽሑፌን እንጂ ስፌቴን አትዩት። ወንድሜ ቢያየው አፍርሶ እንደገና ይሰፋው ነበር።

አመሻሽ ላይ ዓሣ አጥማጁ መጣ። የጨነቀው ነገር ነበር። ስሙን እጠራለሁ፣ የእናቱን ስም እጠራለሁ፤ ቀብሩ የት ነው የምለው ግን ምን ልበል አለኝ። ይህን ሥራ ከያዘ ጀምሮ ያንን ሳይል ጨርሶ አያውቅም። እኔም አላወቅኩም። ሰሜን ነው በል አልኩት፤ ሰሜን ሰፊ ነው አለ። ዝለለው አልኩት፤ ሰው ይጠብቃል እኮ አለ። ሻይ ጠጥተን መላ ሳናገኝ ተለያየን።

ንጋት ላይ እኔና እናቴ ከበራችን ላይ ቆምን። ከወንድሜ ድንኳን መትከል የተማሩት ልጆች ቋሚዎቹን ተሸክመው መጥተዋል። ጡሩንባው ከታች ሲነፋ ሁሉም ባሉበት ቀጥ አሉ። ነፋ፣ ደግሞ ነፋ፣ ሦስተኛውን ከቤታችን ፊት ለፊት ነፋው። ከዚያም ስሙን ጠራ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ያን ጧት ጮክ ተብሎ ተጠርቷል። እናንተም ቤት አንድ ስም ካለ እሱን አስገቡበት። የማን ልጅ እንደሆነ ጠራ፣ ወታደር እንደነበረ ጠራ። ከዚያ ቀብሩ የሚባልበት ቦታ ላይ ደረሰና ቆመ። ሰፈሩ ሁሉ አልጋው ላይ ሆኖ እየጠበቀ ነው። እኔም ጠበቅኩ።

«የተቀበረበትን አናውቅም» ብሎ ተጣራ። «ድንኳኑ ግን እዚህ ነው። ኑ።»

እናቴ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መንገዱን ይዛ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ጥግ ላይ ነጋዴው የሱቁን በር በከፊል እንደከፈተ፣ እጁን በሩ ላይ አድርጎ ደንግጦ ቆሟል። እናቴ በየቀኑ ከምትቆምበት ቦታ ላይ ቆመች። አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው።

«በየቀኑ ትጠይቀኝ ነበር፣ ዋሽቼሃለሁ» አለችው። «ደህና አይደለም። ልጄ ሞቷል።»

የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው። ጡሩንባው ሴቻ ድረስ አይሰማም፤ የእናቴ ጩኸት ግን ተሰምቷል።